ልቤ በቀኝ በኩል ነው

ልቤ በቀኝ በኩል ነው። ጉበቴ በግራ ነው። ጨጓራዬ፣ ጣፊያዬ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው በመስታወት ሲታይ እንደሚሆነው ነው። ዛሬ ይህን ለማንም እናገራለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ የማላውቀው ሰው ሳይቀር ነግሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን መናገር ክልክል ነበር። የከለከለችኝ እናቴ ናት። «እስክታገቢ ድረስ አፍሽን ዝጊ» አለችኝ፤ አለቀ። አፍ መዝጋት ደግሞ አልችልበትም። መቀመጥም አልችልበትም። ቢቸና ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገድ የሚያይ ሰው ሳይ እኔን ያሳክከኛል።

ነገሩን እናቴ ቀድማ ታውቅ ነበር። ሕፃን ሳለሁ ትኩሳት ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስትወስደኝ፣ ያየኝ ሰው ማዳመጫውን በግራ ደረቴ ላይ ቢያደርግ ቢያደርግ ምንም አጣ፤ በመጨረሻ በቀኝ አገኘው። «የዚች ልጅ ልብ ቦታው ላይ አይደለም» አላት። ከዚያ በኋላ የጨመረላት ነገር የለም፤ ወይም ጨምሮላት ደንግጣ አልሰማችውም። ጠበል ወሰደችኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ። እሷም ትኩሳቱ ሲለቅ ልቤም አብሮ ወደ ቦታው እንደተመለሰ ቆጠረችው፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንም አላነሳውም።

እኔ ግን በቀኝ ጡቴ ሥር ሲመታ ይሰማኝ ነበር። የሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ጠዋት ተሰልፈን መዝሙር ስንዘምር እጃችንን በግራ ደረታችን ላይ አድርጉ ሲሉን፣ ለምን ባዶ ቦታ ላይ እንደምናደርግ አይገባኝም ነበር። ሥርዓት ነው ብዬ ተውኩት። ሥርዓት የሚባል ነገር ብዙ ነው፤ ሁሉን ብጠይቅ አንደኛ ክፍልንም አልጨርስም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ባዮሎጂ የሚያስተምረን መምህር አንድ ቀን ባዶ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ አምፖል ሰቀለ፣ በሳህን ውሃ አስቀመጠ፣ ከዚያ እንቁላል አምጡ አለን። «የሱቅ እንቁላል እንዳታመጡብኝ። አውራ ዶሮ ካለበት ቤት ይሁን።» በጭድ እየጠቀለልን አመጣንለት። በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን ላይ መስቀል፣ በሌላው ጎን ላይ ክብ በእርሳስ አደረገና ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ይህ እንቁላል በየጊዜው ካልተገላበጠ ፅንሱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። የሚያገላብጥ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። «አንቺ። አርፈሽ ስለማትቀመጪ ለዚህ የተፈጠርሽ ነሽ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ በየዕረፍቱ እየሮጥኩ መስቀሉን ወደ ክብ፣ ክቡን ወደ መስቀል አዞር ነበር። የመጀመሪያዎቹ መብራት ጠፍቶ በረዱብን፤ ሞቱ። ሁለተኛዎቹ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ካርቶኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ የልጆቹን ጃኬት ሁሉ ገፍፌ እደርብበት ነበር። እነዚያ ኖሩ።

የመጀመሪያውን ሲከፍተው ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ተደፋን። አስኳሉ ላይ ነጭ ክብ ነበረች፣ የጥፍር ያህል። ክቧ ላይ አንድ ቀጭን ጭረት ተሰምሯል። ሌላ ምንም የለም። ዓይን የለ፣ ክንፍ የለ።

«ከዚህች ጭረት ወዲህ ጭንቅላት ይሆናል፣ ወዲያ ጭራ ይሆናል» አለ መምህሩ። «ከላይ ያለው ጀርባ ነው፣ ከታች ያለው ሆድ። ግራና ቀኝም አለው። ገና ምንም ሳይኖር አቅጣጫው ተይዟል።»

«ማን ነገረው?» አልኩት።

«ጥሩ። ማንም አልነገረውም፤ ራሳቸው ሴሎቹ ይነጋገራሉ። በእንግሊዝኛው ሲግናል የምንለውን መልእክት በሉት። አንዱ ሴል አንድ ነገር ያመነጫል፣ ጎረቤቱ ይቀበላል። እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ስትሰሙ፣ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ እንኳ ቅርብ ይሁን ሩቅ ታውቁ የለም? ሴልም እንደዚያ ነው። ብዙ የደረሰው አንድ ነገር ይሆናል፣ ትንሽ የደረሰው ሌላ ነገር።»

«ምንም ያልደረሰውስ ቲቸር?» አለ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ። «መብራት ሲጠፋና ድምፅ ማጉያው ዝም ሲል?»

«ለጭንቅላት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ጭራ ሁን የሚል መልእክት አለ፤ ጭንቅላት በሚሠራበት በኩል ያ መልእክት እንዳይደርስ የሚያግዱ ሌሎች አሉ። ካላገዱት ጭንቅላት የለም።»

«አንዳንድ ሰው ላይ እንዳላገዱት ያስታውቃል» አለ ልጁ፣ ወደ እኔ እያየ። መጽሐፍ ወረወርኩበት።

ሌላ ቀን የተከፈተው እንቁላል ውስጥ ልብ ነበር። ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ቀይ ነገር፣ ትመታለች። ማጉያ መነጽሩን እየተቀባበልን አየናት። ማንም ቀልድ አልተናገረም። መምህሩ በእርሳስ ጫፍ አሳየን። ልብ ሲጀመር መሐል ላይ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ይጎብጣል፤ ሲያድግ ግን ጫፉ ወደ ግራ ዞሮ ያርፋል። ይህችም ወደ ቀኝ ጎብጣ ነበር።

«በግራ በኩል ብቻ የሚሰማ አንድ መልእክት አለ» አለን። «ቀኙ አይሰማውም። ልብ ወዴት እንደሚጎብጥ፣ ጉበት በየት በኩል እንደሚያድግ የሚወሰነው በዚያ ነው። በሰው ፅንስ ላይ መሐል ላይ አንዲት ጉድጓድ አለች፤ ውስጧ ያሉት ሴሎች ቀጫጭን ፀጉር አላቸው። ፀጉሮቹ ባንድ አቅጣጫ እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ይገፉታል። ግራው ግራ መሆኑን የሚያውቀው ያኔ ነው። በጫጩት አኳኋኑ ይለያል፤ በፀጉሩ ፈንታ ሴሎቹ ራሳቸው ወደ ግራ ይንሸራተታሉ።»

«ተሳስቶ ወደ ግራ ቢጎብጥስ?» አልኩት።

«ይኖራል። ሁሉ ነገሩ ተገልብጦ የሚወለድ ሰው አለ። ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው፤ ሳያውቁት ያረጃሉ።»

እጄን ቀኝ ደረቴ ላይ አደረግሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ እስኪገባ ይቆይ ነበር።

«የኔ እዚህ ነው የሚመታው» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የኋላው ልጅ «አንቺማ ድሮም ግልብጥ ነሽ!» አለ። መምህሩ አልሳቀም። አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ «እስቲ ጆሮሽን አስጠጊላት» አላት። ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች፤ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ፣ እንደገና በግራ። ቀና ስትል ፊቷ ነጥቷል።

«ቲቸር፣ እውነቷን ነው።»

ሲደወል መምህሩ አስቀረኝ። «ስሚኝ» አለኝ። «የትም አገር፣ ማንም ሐኪም ዘንድ ብትሄጂ፣ በመጀመሪያ ይህን ተናገሪ። ሆድሽን ሲያምሽ ሐኪም የሚፈልገው ሌላው ሰው የሚያመው ቦታ ላይ ነው። ካልነገርሽው ያልፍሻል።»

እየበረርኩ ቤት ሄድኩ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ስነግራት እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«እንቁላል።»

«ምን?»

«ልቤ በቀኝ ነው እማ። አንቺ ታውቂ ነበር አይደል?»

ስለ ጤና ጣቢያውና ስለ ጠበሉ ያን ቀን ነው የነገረችኝ፤ ነገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክማው ኖራለች። ተናግራ ስታበቃ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው።

«ለማን ለማን ተናገርሽ?»

«ለክፍሉ ሁሉ።»

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ምስሩ ተደፋ። «ሰው የተገለበጠች ልጅ ይለናል። ማን ይወስድሻል? ሁለተኛ እንዳታነሺው፤ እስክታገቢ ድረስ አፍሽን ዝጊ።»

ከዚያ ፈተናው መጣ፤ አላለፍኩም። ካለፉት ይልቅ ያላለፍነው እንበዛለን፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንተያይም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንድ ሳምንት ይከፈታል፤ ኔትወርኩም እንደዚያው። ሥራ የለም፣ ትምህርት የለም። ከቤት እስከ መናኸሪያ ሄጄ የሚወጣውን መኪና አይና እመለሳለሁ። እናቴ «መሬቱን ፈጀሽው» ትለኝ ነበር። ሞጣ ያለችው አክስቴ ይህን ስትሰማ ባል ፈለገችልኝ። ልጁ ሞጣ እህል ይነግዳል፣ ጨዋ ነው፣ አይጠጣም አሉ። እናቱ ልጅቱን በዓይኔ ልያት ብለዋል፤ ስለዚህ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ እናቴና እኔ ወደ ሞጣ ተነሳን።

መኪናው ግንደወይን ላይ ቆሞ ሰው ምሳ ሲበላ እኔ መብላት አልቻልኩም። እምብርቴ አካባቢ ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። መኪናውን ስዞረው እናቴ በመስኮት አየችኝ። «እዚህም?» አለች። መዞር ልማዴ ስለሆነ ሕመሜ እንኳ ልማድ መሰላት።

በማግሥቱ አክስቴ ቤት ሕመሙ ቦታ ቀየረ። ወደ ታች ወረደ፤ በግራ በኩል። ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ፤ አተኮሰኝ። እናቴ የተልባ ውሃ አጠጣችኝ፣ አስመለሰኝ። የልጁ እናት የመጡት ያኔ ነው። ወፍራም፣ ድምፃቸው ገበያ የለመደ ሴትዮ ናቸው። እኔ ተጎብጬ እጅ ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ይህች ልጅ ታማለች» አሉ። «ምን አፍጥጣችሁ ታይዋታላችሁ? ባጃጅ ጥሩ!»

«ጨጓራዋ ነው እትዬ፣ ያልፍላታል» አለች እናቴ።

«የኔም እህት ያልፍላታል ስትባል ነው የሞተችው። ተነሽ ልጄ።»

ሆስፒታል የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ዘሎ ባረፈ ቁጥር ጥርሴን ነከስኩ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ስደርስ እናገራለሁ። ግን በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ሐኪም ፊት አይናገርም። የሚናገርለት አስታማሚው ነው። ሐኪሙ ምን ሆነሽ ሲል ትልቁ ሰው ይመልሳል፣ በሽተኛው ጣራ ያያል። ነውር ሆኖ ሳይሆን የታመመ ሰው አይደክም ተብሎ ነው። እንግዲህ የሚናገርልኝ ሰው እናቴ ናት፤ አጠገቧ የልጁ እናት ቦርሳቸውን አቅፈው ቆመዋል።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ።

«ምኗን ነው የሚያማት?»

«ሆዷን ነው። ጨጓራ አለባት» አለች እናቴ።

«የለብኝም» አልኩ።

«ዝም በይ፣ አትድከሚ።»

ዶክተሩ ሆዴን ተጫነ። በቀኝ ምንም የለም። በግራ ተጭኖ ድንገት ሲለቀው ጮህኩ። ግንባሩን ቋጠረ፤ የወር አበባዬን ጠየቀ፣ ሽንት አስመረመረ። «በቀኝ ቢሆን ትርፍ አንጀት ነው እል ነበር» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «በግራ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለጊዜው የሕመም ማስታገሻ እንስጣት። መብራት ሲመጣ በአልትራሳውንድ እናያታለን፤ ዛሬ ካልመጣ ነገ ትመለስ።»

እናቴን አየኋት። እሷ የልጁን እናት ጫማ ታያለች። እንድትናገር ጠበቅኋት። ጥቂት ነው የጠበቅሁት፤ ለእኔ ግን ብዙ ነው። ዶክተሩ ወረቀቱን እያጠፈ ነበር።

«ዶክተር፣ ልቤ በቀኝ ነው።»

«ትኩሳቱ ነው» አለች እናቴ ፈጥና። «ትቃዣለች።»

ይህን ከአፏ ስሰማ ሕመሙን ረሳሁት። ከአልጋው ተነሳሁ።

«አልቃዥም! ልቤ በቀኝ ነው፣ ጉበቴ በግራ ነው፣ ሁሉም ተገልብጧል! አንተም ቆመህ አትየኝ፣ አዳምጠኝ እንጂ!» ዶክተሩን አንተ አልኩት። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዶክተሩ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ። በግራ አደረገ፤ ቆየ። ወደ ቀኝ አመጣው። ወዲያው ዓይኑ ነቃ፤ እንደገና በግራ፣ እንደገና በቀኝ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ነርሷን ጠራ፤ ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር፤ ምግብ በአፏ እንዳይገባ፣ ግሉኮስ ይሰካላት፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉን አናግሪልኝ፣ ጄኔሬተር ያስነሱ አላት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«ያውቁ ነበር?»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ አላወረደችም። የልጁ እናት ቦርሳቸውን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩና «እና?» አሉ። «ይመታ የለም እንዴ?»

«ይመታል እንጂ» አለ ዶክተሩ።

«እንግዲያ ምን ትፈልጋለህ? ሆዷን አድንልን።»

ትርፍ አንጀቴን ከግራ በኩል አወጡት። ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ እስከ ነገ አይቆይም ነበር አሉኝ። ዶክተሩ ስነቃ መጣና እንደ መምህራችን ዓይነት ነገር ነገረኝ፤ አንድ ነገር ግን ጨመረልኝ፣ እስካሁን ሰላም የሚነሳኝ። እነዚያ ፀጉሮች ሳይሽከረከሩ ሲቀሩ ፅንሱ ግራውን የሚነግረው ያጣል፤ ያኔ እጣ ነው አለኝ። ግማሹ ይገለበጣል፣ ግማሹ እንደ ሰው ሁሉ ይሆናል። እኔም ምክንያቴ ያ ከሆነ፣ እጣው በሌላ በኩል ቢወጣ ልቤ በግራ ሆኖ ማንም ምንም አያውቅም ነበር ማለት ነው። ምክንያቴ ያ ይሁን ሌላ ግን እሱም አያውቅም። ይህን ሳስብ አልጋው ይቆረቁረኛል።

የልጁ እናት በየቀኑ ሾርባ ይልኩልኝ ነበር። ልጁም አንድ ቀን ይዞ መጣ። ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እግዜር ይማርሽ አለ፣ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። አላገባሁትም፤ ልቤ ግን ምክንያት አይደለም። ዝምታውን አልችለውም።

እናቴ ከአጠገቤ አልተለየችም። ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፣ ትራሴን ታስተካክላለች፤ ፊቴን አታይም። እኔም አላናገርኳትም። ትቃዣለች ያለችኝን አልረሳሁም። አንድ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን እየላጠችልኝ፣ ቢላዋዋን እያየች ጀመረች።

«ዶክተሩ መቼ ነው የምትዞረው አለ?»

«ማን?»

«አንቺ። ሆዴ ውስጥ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

ልጣጩ ተበጠሰ። «ወድቄ ነበር» አለች። «አንቺን አርግዤ፣ ሆዴ ከገፋ በኋላ። ከምንጭ ስመለስ፣ በጎኔ ወደቅሁ፤ ጀሪካኑም በላዬ። ያኔ ስትገለበጪ ተሰማኝ። እንደ ዓሣ። ለአባትሽም አልነገርኩም፣ እንዳይቆጣኝ። ያ የጤና ጣቢያው ሰውዬ ልቧ ቦታው ላይ አይደለም ሲለኝ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ገለበጥኳት አልኩ። ሰው ባወቀ ቁጥር እንዴት ሆነች ይላል። እንዴት ሆነች ብሎ የጠየቀኝን ሰው ምን እለዋለሁ?»

የደበቀችው ለባል ብላ ነው ብዬ ነበር፣ ያን ሁሉ ጊዜ።

«እማ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው።»

«የምን ሦስተኛ?»

«በተፀነስኩ በሦስተኛው ሳምንት፤ መምህራችን ነግሮናል። የወር አበባሽ መቅረቱን ገና በቅጡ ሳታውቂ ግራና ቀኜ ተወስኗል። ሆድሽ ሲገፋማ ልቤ ድሮ ቦታውን ይዞ እየመታ ነበር።»

«ተገለበጥሽ እኮ፣ ተሰማኝ።»

«ተንቀሳቅሼ ይሆናል። ሕፃን ይንቀሳቀሳል። ልብ ግን በመውደቅ አይዞርም።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ተቆጣች። ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ ወረወረችው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ስቃጠል የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ? አንድ ሰው!»

«ማንን ጠየቅሽ?»

«አንቺ ደግሞ!» አለች፤ የብርቱካኑን ፍሬ አንስታ አፌ ውስጥ ሞጀረችው። እኔ እያላመጥኩ ሳለሁ ዶክተሩ በኮሪደሩ አለፈ። እናቴ አየችው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች፤ እንደ እኔ ስትቁነጠነጥ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ወጣች።

አትነሺ ተብያለሁ። ስፌቴን በእጄ ይዤ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተከተልኳት። በሩ ጋ ስደርስ ዶክተሩን በጋዋኑ እጅጌ ይዛ አቁማዋለች፤ አንገቷን ወደ እሱ ቀና አድርጋ፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ እየሰማ ትጠይቀዋለች።

«ይህች ልጅ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ነው ትላለች። እውነቷን ነው?»